አድሃሪው ሰዓት

ባለፈው ቅዳሜ አዲሱ ገበያ አካባቢ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በር ላይ ቆሜ ስለ መጽሐፍ መደርደሪያ ስጠይቅ፣ ከውስጥ የሚፈላ የቆዳ ኮላ ሽታ መጣብኝ። የእኔ ዘመን ልጆች ታውቁታላችሁ። ከከብት ቆዳና ከሰኮና ተቀቅሎ የሚሠራው፣ በቆርቆሮ ተጥዶ የሚንተከተከው፣ ነጩ ኮላ ሳይበዛ በፊት አናጢ ሁሉ የሚያጣብቅበት ቡናማ ሙጫ። ሌላ ሰው የአናጢ ቤት ሲሸተው ደስ ይለዋል ይባላል። እኔ የነጠላዬን ጫፍ አፍንጫዬ ላይ አድርጌ፣ ሰውየው የሚነግረኝን እንኳ ሳልጨርስ ሄድኩ። ከኋላዬ «እህት፣ እንቀንሳለን እኮ!» ሲል ሰማሁት። ያባረረኝ ዋጋው መስሎት ነው።

ልጅ ሳለሁ ያ ሽታ የቤታችን ሽታ ነበር። ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ከተደረደሩት የጭቃ ቤቶች በአንደኛው ነበር የምንኖረው። አባቴ አናጢ ነው። ቀን ከአናጢዎች ማኅበር ይውላል፤ ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ጓሮአችን ካለችው የቆርቆሮ ጥላ ሥር የራሱን ነገር ይሠራል። ክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም ጓሮውን ሲሞላው የኮላው ሽታ መውጫ ያጣና ተመልሶ ቤት ይገባል። ብርድ ልብሱ ላይ፣ ዳቦው ላይ፣ ደብተሬ ላይ ይለጠፋል። ክፍል ውስጥ አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ «ሬሳ ሬሳ ትሸቻለሽ» ብላኝ ዴስክ ቀይራለች። እኔም አፍ አልነበረኝምና ዝም አልኩ። ዓይን አፋር ነበርኩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ ከበር ጀርባ ስታገኘኝ «አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ከአባዬ ዕቃዎች ሁሉ የምወደው አንድ ነበር። የእናቴ የስፌት መኪና ጭንቅላቱ ተሰብሮ ሲቀር፣ አባዬ እግሩን ወስዶ መጋዝ ሠራበት። መርገጫውን ሲረግጡት፣ በመርፌው ፋንታ እንደ ክር የቀጠነች የመጋዝ ምላጭ ወደ ላይና ወደ ታች ትመላለሳለች። እንጨቱን በሁለት እጅ ይዞ ማዞር ብቻ ነው፤ ቅጠል ቢሉ ቅጠል፣ ፊደል ቢሉ ፊደል ትቆርጣለች። «ስፌቷ» ነበር የምንላት። እናቴ እስከ መጨረሻው ይቅር አላለችውም። በአጠገቧ ባለፈች ቁጥር «ልብስ የምትሰፋ መኪና እንጨት ስትበላ!» ትላለች።

የመጀመሪያውን የእንጨት ሰዓት አባዬ የሠራው ለማንም ብሎ አይደለም። አንድ የውጭ መጽሔት ላይ ሥዕሉን አይቶ ነው። ማርሾቹ፣ ጥርሶቹ፣ ቆጣሪዎቹ፣ የሚወዛወዘው ዘንግ፣ ሁሉም እንጨት። ከታች በገመድ የተንጠለጠለ፣ አሸዋ የሞላበት ቆርቆሮ በክብደቱ ያዞረዋል። መጀመሪያ በዋንዛ ሠራው፤ ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አበጠና ጥርስ ከጥርስ ተቆላልፎ ቆመ። ጥቅምት ላይ ሲደርቅ ዘንጉን ነካ ቢያደርገው እንደገና መሄድ ጀመረ። እናቴ «እንደ ተማሪ ቤት ክረምቱን የሚዘጋ ሰዓት» አለችው። በኋላ ሁሉንም በኮምፔርሳቶ ደግሞ ቆረጠው። ኮምፔርሳቶ ስስ እንጨት በስስ እንጨት ላይ እየተጣበቀ የሚሠራ ስለሆነ ክረምትን ይችላል።

የእኔ ሥራ ጥርስ መቁጠር ነበር። አባዬ በኮምፓስ ክቡን ይከፍላል፣ በእርሳስ ያሰምራል፣ በስፌቷ ይቆርጣል። እኔ የእያንዳንዱን ጥርስ ጎን በብርጭቆ ወረቀት አሻሽቼ እቆጥራለሁ። ስልሳ መሆን ያለበት ሃምሳ ዘጠኝ ከሆነ፣ አንድ ሰሞን የተለፋበት እንጨት ለምድጃ ነው። ሰው ፊት ትንፍሽ የማልል ልጅ ማርሾቹን ግን በሹክሹክታ አናግራቸው ነበር። አንድ ቀን አባዬ ሁለቱን አገጣጥሞ በጣቱ አዞረልኝና «አየሽ ሚሚ፣ ጎረቤታም ማርሾች ወደ አንድ አቅጣጫ አይዞሩም። አንዱ ወደ ቀኝ ካለ፣ ሌላው የግድ ወደ ግራ ነው። ሦስተኛ ስትጨምሪ ደግሞ እንደገና ወደ ቀኝ ይመልሰዋል» አለኝ። ቀላል ነገር ነው። አንድ ጊዜ ያየ ልጅ ሁሉ ይገባዋል።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ፈለቀ ይባላል። ከመሾሙ በፊት ነጭ ጋዝ ይቸረችር ነበር፤ ያኔ አባዬን «ጋሼ ታደለ፣ እንደምን አደሩ» ይለዋል። ከተሾመ በኋላ «አንተ ታደለ» ሆነ። ይህ ብቻውን ያስጠላኝ ነበር። የበለጠ የሚያስጠላኝ ግን የክብሪት እንጨቱ ነው። ሲያወራ ክብሪት ጆሮው ውስጥ ከትቶ ያዞራል፤ ያወጣና ጫፉን አተኩሮ ያያል፤ ከዚያ በዚያችው ክብሪት ይጠቁማል። ለነዋሪዎች ምዝገባ ቤታችን መጥቶ ግድግዳው ላይ ሰዓቱን ሲያይ፣ «ይሄ ነገር የምርህን ይሄዳል?» ብሎ ክብሪቷን በአንዷ ማርሽ ጥርሶች መሀል ሰክቶ ሰዓቱን አቆመው። እሱ ሲወጣ ያችን ማርሽ አውርጄ በሳሙና አጠብኳት። እንጨት በሳሙና እንደማይታጠብ አውቅ ነበር።

ቀበሌው አዲስ የስብሰባ አዳራሽ እያሠራ ነበር። ፈለቀ «ይሄንኑ አምስት እጥፍ አድርገህ ለአዳራሹ ትሠራለህ» አለ። አባዬ «እሺ» አለ። ሌላ መልስ አልነበረም። እኛ ጴንጤ ነበርን። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ቆይቷል። እሑድ እሑድ ስድስት ሰባት ሰው ሆነን፣ ቤታችን ውስጥ መጋረጃ ዘግተን ቀስ ብለን እንዘምራለን። ፈለቀ ይህን ይወቅ አይወቅ አናውቅም፤ ቢያውቅም እንዳናውቅበት ያደርጋል። የአባዬ ስም አንድ ጊዜ «አሻጥረኛ» ወይም «አድሃሪ» ከሚለው ቃል አጠገብ ከተጻፈ፣ ከቤት ተወስዶ እንደሚቀር በአሥር ዓመቴ እኔም አውቅ ነበር። እናቴ ይህን ነግራኝ አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ አባት ሸሚዝ እንደ ለበሰ ሄዶ፣ ጫማው በር ላይ ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው አይቻለሁ።

ያ ክረምት በትልቁ ሰዓት አለቀ። ትልቁ ማርሽ ከእኔ ደረት ይሰፋ ነበር። ምላጭ እየተሰበረ፣ ኮላ እየፈላ፣ የኮምፔርሳቶው ብናኝ ከእርጥበቱ ጋር አፍንጫችን ውስጥ እየተቦካ ከረምን። ፈለቀ ከሰዓት በኋላ ይመጣና የእንጨት ቁርጥራጩ ላይ ይቀመጣል። እውነቱን ለመናገር ሰዓቱን ወዶት ነበር። ማርሾቹን ሲነካ እጁ ሕፃን እንደሚዳስስ ሰው እጅ ቀስ ይላል። ይህን ማስታወሴ ራሱ ያናድደኛል፤ ሙሉ ለሙሉ ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ለአዳራሹ ምረቃ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ሁሉም ተጣብቆ ሲያልቅ፣ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። መዶሻና ማጭድ መሀሉ ላይ የተቀረጸበት አንድ ማርሽ ይጨመር አለ። አባዬ ከጎን ሊያንጠለጥላት አሰበ። ከጎን ብትገባ ዝም ብላ ትዞራለች፤ ማንንም አትረብሽም።

«ከጎን?» አለ ፈለቀ። «ሠርቶ አደሩን እንደ እንግዳ ጥግ ልታስቀምጠው? መሀል ላይ ትግባ። ሁሉን የምታንቀሳቅሰው እሷ ትሁን።»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ መሀል ከገባች እኮ አቅጣጫው ይገለበጣል። አንድ ማርሽ ሲጨመር ቆጣሪዎቹ ወደ ግራ ነው የሚዞሩት።»

ፈለቀ ክብሪቷን ከጆሮው አውጥቶ ጫፏን አየና ሳቀ። «ታዲያ ይዙራ! ግራ ምን አለው? እኛስ ግራ አይደለንም እንዴ? ቀኝ ቀኝ የሚልህ ምንድን ነው አንተ ታደለ?»

አባዬ እጁ ላይ የደረቀውን ኮላ ላጠ። «እንግዲያው ቁጥሮቹንም ወደ ግራ ልደርድራቸው። ያኔ ልክ ይነበባል።»

«ቁጥር አትንካ! ከበላያችን ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የሚመጣው እንግዳ ቁጥር የማናውቅ ይመስለዋል።»

«ሌላ ማርሽ ጨምሬ አቅጣጫውን ልመልሰው ካልኩ ደግሞ፣ የተጣበቀውን ሁሉ መፍታት ስላለብኝ ሳምንት ይስጡኝ።»

«ምረቃው ከነገ ወዲያ ነው። ዝም ብለህ ስቀለው። አዳራሽ ውስጥ ሰዓት የሚያይ የለም፤ መድረክ ነው የሚታየው።»

እኔ የብርጭቆ ወረቀቴን እንደ ያዝኩ ከስፌቷ ጀርባ ቁጭ ብዬ ነበር። ሁሉንም ሰምቻለሁ። እናቴም ከውስጥ ሰምታ ኖሮ፣ ፈለቀ ሲሄድ ብቅ ብላ «ወደ ግራም ይዙር ወደ ቀኝ፣ አንተ ብቻ ማታ ማታ ቤትህ ግባልኝ» አለችው። አባዬ ስፌቷ ላይ ተቀምጦ ያችን ማርሽ መቁረጥ ጀመረ። እንደዚያች ያማረ ነገር ሠርቶ አያውቅም። የማጭዱ ስለት እንደ ጨረቃ ጫፍ ቀጥኖ፣ የመዶሻው እጀታ ያለ አንዳች ጭረት ወጣ። የማይወደውን ነገር እንዲህ አሳምሮ መሥራቱ ያኔ ገርሞኝ ነበር። አባዬ አስቀያሚ ነገር መሥራት አይችልም ነበር፤ መከራችንም የመጣው ከዚያው ነው።

የምረቃው ዕለት አዳራሹ እርጥብ ጋቢና ትኩስ ቀለም ይሸታል። ሦስት መቶ የሚሆን ሰው አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ተጣቧል። እኛን የሰፈር ልጆቹን ቀይ ጨርቅ አንገታችን ላይ አስረው ከመድረኩ ሥር ደረደሩን። የተማርነውን መዝሙር የግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ እያነሣን ዘመርን። እኔ አፌን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው። ከከፍተኛው የመጣው እንግዳ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከጮኹት ሁሉ የፈራሁት እሱን ነበር።

ፈለቀ የሰዓቱን ቀይ መሸፈኛ ስቦ ጣለው። አባዬ መሰላል ላይ ወጥቶ ቆጣሪዎቹን ሦስት ሰዓት ላይ አደረጋቸውና ዘንጉን ነካ አደረገው። ቀጭ፣ ቋ፣ ቀጭ፣ ቋ አለ። መዶሻና ማጭዱ መሀል ላይ ቀስ ብሎ መዞር ሲጀምር ጭብጨባው ቆርቆሮውን አናጋው። ጥርሶቹን አንድ በአንድ አውቃቸው ነበርና፣ እኔም ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ።

ከዚያ ፈለቀ ንግግሩን ጀመረ። ስለ ወደፊት ነበር የሚናገረው። በየመሀሉ «ወደፊት!» ሲል ሕዝቡም «ወደፊት!» ይላል፤ ከጀርባው ደግሞ የደቂቃ ቆጣሪው ወደ ኋላ ይሄዳል። መጀመሪያ ያዩት ከፊት የተቀመጡት ናቸው። አንዱ ቀና ብሎ ያያል፣ ወደ ጎረቤቱ ዞር ይላል፣ ጎረቤቱ ጫማውን ሲያይ እሱም ጫማውን ያያል። ከዚያ ሁለቱም ያጨበጭባሉ። ከወንበር ወደ ወንበር ሲዛመት በዓይኔ ተከተልኩት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ሰዓት ማንበብ የማይችል ሆነ። ከነዚያ መሀል የቁጥር አስተማሪዬ ነበሩ። እሳቸውም አጨበጨቡ።

ንግግሩ ሲያልቅ ሰዓቱ ሁለት ተኩል ይላል። ፈለቀ ንግግሩን ሳይጀምረው ጨረሰው ማለት ነው።

ዝም ያላሉት እማማ ብርቄ ብቻ ነበሩ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ጆሮአቸው ስለሚደክም ቀስ ብለው የተናገሩ እየመሰላቸው ይጮኻሉ። «ውይ ልጆቼ!» አሉ። «ያ ሰዓት ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚሄደው? ወይስ የኔ ዓይን ነው?»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ከኋላ፣ ከበሩ በኩል፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ጎልማሳ ድምፅ «አድሃሪ ሰዓት!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ እንደ ተቆረጠ ገመድ ወደቀ። አድሃሪ ማለት እኮ ቃሉ ራሱ ወደ ኋላ የሚመልስ ማለት ነው፤ ለዚያ ሰዓት ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም ነበር። ግን በዚያ ዘመን ሰው በዚያ ቃል ይሞትበት ነበር። የሳቀው ሁሉ ማን ሲስቅ አይቶት እንደሆነ ዙሪያውን ማየት ጀመረ።

እንግዳው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገ። «ሰዓቱን የሠራው ጓድ ማን ነው?» አለ፣ እንደዚያው ዝግ ብሎ።

አባዬ ተነሣ። «እኔ ነኝ ጌታዬ። አንድ ማርሽ መሀል ሲገባ አቅጣጫው ይለወጣል። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ነበር።»

«ለማን?»

የአባዬ ፊት ሲለወጥ አየሁ። አፉን የከፈተው አናጢነቱ ነበር፤ ለማን የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ነው አባትነቱ ትዝ ያለው። ፈለቀ ግን ዘሎ ተነሣ። ግንባሩ በላብ ርሷል። «ለእኔ ማለቱ ነው! ውሸት ነው ጓድ! ይሄ ስም ማጥፋት ነው፣ ይሄ አሻጥር ነው! እኔ ወደ ግራ ይዙር ልል? ማን ሰማ? ምስክር ያምጣ!»

«በቦታው ሌላ ሰው ነበር?» አለ እንግዳው።

 ከዚያ ከጎኔ ከተሰለፉት ልጆች አንዷ፣ ያቺ ዴስክ የቀየረችብኝ፣ ጣቷን ወደ እኔ ዘርግታ «እሷ ሁልጊዜ ከአባቷ ጋር ነው የምትውለው» አለች።

ፈለቀ ከመድረኩ ወርዶ ፊቴ ተንበረከከ። እንዲህ በቅርብ አይቼው አላውቅም። አፉ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። «አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ተናገሪ» አለኝ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኔ ወደ ግራ ይዙር ብያለሁ?»

ቀና ብዬ አባዬን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኗል። የምይዝ የምጨብጠው ጠፋኝ። ቤታችን ውስጥ ውሸት ከሁሉ የከፋ ነገር ነበር። ስኳር ልሼ «አልላስኩም» ብዬ ሦስት ቀን ያለቀስኩ ልጅ ነኝ፣ ማንም ሳይገርፈኝ። «ብለዋል» ብል ፈለቀ ምን እንደሚያደርገን፣ «አላሉም» ብል አባዬ ውሸታም ሆኖ ምን እንደሚሆን አመዛዝኜ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኛል። አላመዛዘንኩም። ፊቴ ላይ ያለው ፊት እንዲርቅልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

«አላሉም» አልኩ።

በሕይወቴ እንደዚያ ጥርት ያለ ድምፅ ወጥቶኝ አያውቅም። ፈለቀ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰብኝ። በዚያችው ክብሪት በሚይዝባት እጁ ራሴን ዳበሰኝና «ጎበዝ! የአብዮት ልጅ!» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከኪሱ ከረሜላ አወጣ፣ ወረቀቱን ራሱ ልጦ አፌ ላይ አስጠጋልኝ። በቀበሌ ሱቅ ስኳር ከጠፋ ወር አልፎት ነበር። አፌን ከፈትኩ። ቢመር እንዴት ደስ ባለኝ! ጣፋጭ ነበር። እስኪያልቅ መጠጥኩት፤ አባዬ መድረክ ላይ ወጥቶ ግለ ሂስ ሲያደርግ ሁሉ እየመጠጥኩ ነበር።

ግለ ሂሱን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ሳልናገር የተናገርኩ መስሎኝ ነው። ጥፋቱ የእኔ የጥንቃቄ ጉድለት ነው። በንዑስ ከበርቴ አስተሳሰብ በእጅ ሥራዬ ተኩራርቼ ሰፊውን ሕዝብ አሳፍሬአለሁ።» ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ማርሽ ወዴት እንደሚዞር በሰፈሩ ሁሉ ብቸኛው የሚያውቅ ሰው፣ ማርሽ ወዴት እንደሚዞር አላወቅሁም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ለዚህም ተጨበጨበ። እንግዳው ማስታወሻው ላይ አንድ መስመር ጽፎ «የጥንቃቄ ጉድለት ይበቃል። ሰው ይሳሳታል» አለ። ፈለቀ ደግሞ ያው መልካም ሰው ለመባል ከሁሉ ፈጥኖ አጨበጨበ።

ቅጣቱ ስፌቷ ለቀበሌ ትግባ የሚል ነበር። በማግሥቱ ሁለት ሰዎች መጥተው ተሸክመዋት ሄዱ፤ ማንም ሊሠራባት ስላልቻለ መጋዘን ውስጥ ዛገች። ሰዓቱን አወረዱት። መዶሻና ማጭድ ያለባትን ማርሽ ግን ለብቻዋ ፈትተው መልሰው ግድግዳው ላይ ሰቀሏት። ምንም ሳታንቀሳቅስ፣ በምንም ሳትንቀሳቀስ፣ ዓመታት እዚያ ተንጠልጥላ ቆየች።

ከአዳራሹ ወደ ቤት ስንሄድ አባዬ እጄን ይዞኝ ነበር። ይቆጣኛል ብዬ በየእርምጃው ጠበቅሁ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ድር ያደራሉ፤ እንደ ወትሮው «ጋሼ ታደለ» ብለው አልተጣሩም። እቤት ስንደርስ እናቴ አቅፋው አለቀሰች። እኔን ማንም ምንም አላለኝም።  ከዚያ በኋላ አባዬ ማርሽ ቆርጦ አያውቅም። እኔም ጥርስ ቆጥሬ አላውቅም። በትምህርቴ በረታሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ተመረቅሁ። በክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን ሳላነሣ ነው የተመረቅሁት።

ቅዳሜ ከአዲሱ ገበያ እንደ ተመለስኩ አባዬ ደጅ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። አርጅቷል፤ ጣቶቹ ቆልመም ብለዋል። ከጎኑ ተቀመጥኩና፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያልወጣኝን ነገር ተናገርኩት። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ያን ቀን አሳልፌ ሰጠሁህ አልኩት።

መጀመሪያ የምለው አልገባውም። ሲገባው ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«ሚሚ» አለኝ፣ «እኔ በእንጨቴ ኮርቼ አፌ አመለጠኝ። ‹ብለዋል› ብትዪ ኖሮ እሱን እንግዳው ይገሥጸው ነበር። እንግዳው ደግሞ ማታ መኪናው ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። እኛ ከፈለቀ ጋር እንቀራለን። ዓይኔን ጨፍኜ ምን እያልኩ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«ምን ትል ነበር?»

«‹ጌታ ሆይ፣ ልጄ ትዋሽ› ነበር የምለው።» ዓይኑ እንባ ሞላ። «በጉባኤ ፊት ቆሜ ስንት ነገር መስክሬአለሁ። ይህን ግን አንድም ቀን አልመሰከርኩም። ‹አላሉም› ስትዪ አሜን ብዬ አመሰገንኩ እኮ! ልጄ ስለ ዋሸች አመሰገንኩ።»

እጁን ያዝኩት። 

ያ ዘመን ሲነሣ የእኔ እኩዮች ይናፍቃሉ። ክረምቱን፣ ጭቃውን፣ ተሰልፈን የምንገዛውን የቀበሌ ዳቦ፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ጫማ የተጫማንበትን ዓመት። እኔም አልፎ አልፎ ይናፍቀኛል፤ አባዬ ሲረግጥ የምሰማው የስፌቷ ድምፅ፣ ጣቶቼ ላይ የሚቀረው ብናኝ። ዛሬ ጸሎት ቤታችን ተከፍቷል፤ በድምፅ ማጉያ ስንዘምር ጎረቤት ይማረራል። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ አንዲት አዲስ ገቢ ልጅ ባለፈው ስብሰባ ላይ አለቃችንን «ተሳስተዋል» አለችው፤ ከዚያ ሁለቱም አብረው ሻይ ሊጠጡ ወጡ። አይቼ ማመን አቃተኝ። ደስ አለኝም፤ ቀናሁም።

ከአባዬ ጋር ካወራን ወዲህ ሸክሙ ይቀልልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጥፋት መስሎኝ የኖርኩት ለካ የጸሎት መልስ ነው። ግን አልቀለለኝም። የሚቀፈኝ ራሴ አይደለሁም፤ ፈለቀ እንኳ አይደለም። አንድ እውነተኛ ሰው፣ ስኳር በላሰች ልጁ ውሸት የሚያዝን ሰው፣ ከሰማይ የሚለምነው ሌላ ነገር ያጣበት ቀን መኖሩ ነው የሚቀፈኝ። አባዬ ያን ቀን አሜን ብሏል። እኔ እስካሁን አላልኩም።